ከፏፏቴው በላይ የነበረው ሐይቅ

በአሜሪካ አገር፥ በጆርጂያ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከተራሮች ግርጌ ቶኮዋ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወደዚያ ለሚሄድ እንግዳ መጀመሪያ የሚያሳዩት ፏፏቴውን ነው። ውሃው ከ57 ሜትር ገደል ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ቁመቱ ከጢስ ዓባያችን ይበልጣል፤ ውሃው ግን ቀጭን ነው። ከሥሩ የክርስቲያን ኮሌጅ አለ። ስፍራውን ያየ ሁሉ ጸጥታውን ያደንቃል።

አሁን ዓይናችሁን ወደ ገደሉ አናት አንሡ። ከዚያ በላይ ዛሬ የሌለ አንድ ሐይቅ ነበረ። (ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1899 ለኤሌክትሪክ ኃይል ከእንጨትና ከድንጋይ አነስተኛ ግድብ ተሠራ። ኋላም አፈር እየተደለደለበት 12 ሜትር ያህል ከፍ አለ። በ1957 የኤሌክትሪኩ ሥራ ቆመና ሐይቁ መዝናኛ ብቻ ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ግድቡ ከሥራ ተሰናበተ፥ የተሸከመው ውሃ ግን አልተሰናበተም።

ኖቬምበር 6 ቀን 1977፥ ብርቱ ዝናብ ከጣለ በኋላ፥ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ግድቡ ተደረመሰ። ጎርፉ በፏፏቴው ላይ ዘሎ በእንቅልፍ ላይ ወደነበሩት ተማሪዎችና ቤተሰቦች ወረደ። 39 ሰዎች ሞቱ፤ ከነርሱም ሕፃናት ነበሩ። በዚያው ምሽት ሰዎች ግድቡን ሄደው አይተው፥ ደህና መስሎአቸው ተመልሰው ነበር።

መርማሪዎች አንዱን ምክንያት ለይተው ይህ ነው ለማለት አልቻሉም። ሆኖም የግድቡ ፕላን አልተገኘም፤ የኋላ ጎኑ እጅግ ቀጥ ያለ ነበር፤ ዛፎች በቅለውበት ነበር። በ1973 የተነሣ ፎቶግራፍም የኋላ ጎኑ በከፊል ተንዶ እንደነበረ ያሳያል። ፎቶግራፉ ነበረ፤ በሕግ የታዘዘ ተቆጣጣሪ ግን አልነበረም።

ግድቦች እንዲመረመሩ የሚያዝ የአገር ሕግ በ1972 ወጥቶ ነበር፤ ምርመራው ግን በገንዘብ እጦት ሳይጀመር ቆየ። ከቶኮዋ በኋላ፥ ራሳቸው የጆርጂያ ተወላጅ የሆኑት ፕሬዚዳንት ካርተር ምርመራው እንዲጀመር አዘዙ። እስከ 1981 ድረስ 8,800 ያህል ግድቦች ሲታዩ፥ ሲሶው ያህል ለአደጋ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ጆርጂያም በ1978 የራስዋን የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች።

እኔ መምህር ነኝና ተማሪዎቼን በየጊዜው ለሽርሽር ወደ ውሃ ዳር እወስዳለሁ። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ በሐይቁ ውበት ብቻ አልረካም። እናንተም ከአፈር ግድብ ዳር ምሳችሁን ስትበሉ፥ ተነሡና የኋላ ጎኑን ተመልከቱ፦ ዛፍ በቅሎበታልን? በደረቅ ወራት ይረጥባልን? ተንዶአልን? ከዚያም አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህን ግድብ መጨረሻ የመረመረው ባለሙያ ማነው፥ መቼስ ነበር? መልስ የሚሰጥ ሰው ካጣችሁ፥ ከግድቡ በታች ለሚተኙት ሰዎች ስትሉ ዝም አትበሉ።