የቡድናችን ደብተር

እግሬ ለኳስ የማይረባ ስለ ሆነ የፋኩልቲያችን ቡድን ጸሐፊ አድርጎ ሾሞኛል። ሹመት ከተባለ ማለቴ ነው። ሥራዬ የተጫዋቾችን ስም መጻፍ፣ ቢጫ ያየውንና ቀይ ያየውን መመዝገብ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ደብተሬን ባዩ ቁጥር «ደብተራው መጣ!» እያሉ ይሥቁብኛል። ይሣቁ። እኔ ግን ደብተሩን የያዝሁበት ምክንያት አለኝ።

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ። መጀመሪያ የገባው በእኛ ላይ ነበር፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን፤ ሁለተኛውን ያገባልን ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ፓርከር ነው፤ በገዛ ራሱ ግብ ላይ! ሻይ ቤቱ ውስጥ ኳስ አይተው የማያውቁ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተቃቀፉ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃው ቡድን አሁን ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ከመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ ተባለ።

ደስታው ሳይበርድ፣ በዚያው ዕለት፣ ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በአገሯ 2 ለ 1 ስናሸንፍ ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ነበር። በተለያዩ ሁለት ግጥሚያዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ስለ ነበር፣ በደንቡ መሠረት ያን ቀን ማረፍ ነበረበት። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ። ድላችን ተሰርዞ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተቆጠረ፤ ከ13 ነጥባችን 3ቱ ሄደ።

አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ኳስ አይወድም። ወሬውን በሬዲዮ ሰምቶ፣ «አንተ ልጅ፣ ቢጫው ስንት ነበር?» አለኝ።

«ሁለት» አልሁት።

«ሁለት ብቻ?» ብሎ የዱቤ ደብተሩን ተመለከተ። በዚያ ደብተር አንዲት ፈረሱላ በርበሬ በዱቤ የወሰደ ሰው ስሙ ከሦስት ዓመት በኋላም አይጠፋም። «ኧረ ሁለት ነገር የሚጽፍ ሰው ከአገር ጠፋ?»

«ታዲያ ምን ጎዳን?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካን ቡድን 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን በአንደኝነት ጨርሰናል። የጣለችን ናይጄሪያ ናት፤ በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ በኅዳር ካላባር ላይ 2 ለ 0። ስለዚህ ያ ስሕተት ከብራዚል አስቀረን ብዬ አልዋሽም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይውጣ በሚለው ሁላችንም ሊቃውንት ነን፤ አሠልጣኙን ሰውነት ቢሻውን በየሻይ ቤቱ ያላስተማረው ሰው አልነበረም። ደብተሩን ማን ይያዝ ብሎ የተከራከረ ግን እኔ አልሰማሁም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁም የትምህርት ቤታችን ቡድን ለግጥሚያ ፍኖተ ሰላም ሄደ። ያለን አንድ ግብ ጠባቂ ብቻ ነበር፤ እርሱም ስሙ በዝርዝሩ ስላልተጻፈ ከመስመር ውጭ ቆሞ ተመለከተ። ተከላካያችን ጓንት አጥልቆ ገባ። አምስት ገባብን። ስንመለስ እስከ ቡሬ ድረስ መኪናው ውስጥ የተናገረ ሰው የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሕግ ፋኩልቲ ጋር ተጋጠምን። አጥቂያችን ሁለተኛ ቢጫውን ከዚያ በፊት በነበረው ግጥሚያ አይቷል። ዳኛው አላስታወሰም፤ ሕጎቹም አልመዘገቡትም (የሕግ ተማሪዎች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ)። አምበላችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ዝም ካልህ ማን ያውቃል?» አለኝ። አጥቂው የቡሬ ልጅ ነው፤ ከአንድ ሰፈር መጥተን በአንድ ክፍል እንተኛለን። ስሙን ሰረዝሁት። 1 ለ 0 ተሸነፍን።

ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ከላይኛው አልጋ ሲወርድ እንደምን አደርህ አይለኝም። ትናንት ማታ ግን ስገባ ደብተሬን ገልጦ ሲያነብ አገኘሁት። ለሚቀጥለው ግጥሚያ ስሙ መጻፉን ሊያይ ይመስለኛል። ተጽፏል።