ከመሳቢያ የወጣው ስሪንጅ

ፊለር ተወግቻለሁ። እህቶቼ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ሲሉኝ «እንቅልፍ ነው» እያልኩ ነው ያለፍኩት። መወጋቴ አይጸጽተኝም፤ የሚያሳፍረኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው።

የአዳማ ፀሐይ ፊት አይምርም። ነፋሱንም የነፋስ ኃይል ማመንጫውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እያስጫንኩ ስነግድ የኖርኩ ነኝ፤ የማውቀው ጥላ የአይሱዙን ጥላ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ፀጉሬን ወደምሠራበት ሳሎን ነበር። ልጅቷ ከመሳቢያ ስሪንጅ አውጥታ «ከዱባይ የመጣ ነው፤ ለአንቺ እቀንስልሻለሁ» አለችኝ። ካርቶን የለው፣ ጽሑፍ የለው። ምንድነው ስላት «ቫይታሚን ነገር ነው።» የቲማቲም ሣጥን ከሥሩ ሳላይ ሒሳብ የማልከፍል ሴትዮ፣ ወዲያው ዋጋ መከራከር ጀመርኩ! ያዳነኝ ብልህነቴ አይደለም፤ በዋጋ አልተስማማንም።

አዲስ አበባ ያየችኝ የቆዳ ሐኪም ግንባሬን ሳሳያት ሳቅ አለች። «ይሄ ጡንቻ ሲኮማተር የሚመጣ ነው፤ የቦቶክስ ሥራ ነው። ፊለር የጎደለ ነው የሚሞላው» ብላ ከአፍንጫዬ እስከ አፌ ዳር የወረደውን እጥፋት በጣቷ ተከተለችው። የምትወጋኝ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል ጄል ነው፤ በቆዳችንም ውስጥ ያለ፣ ውኃ የሚይዝ ነገር። አሜሪካ እንዲህ ያለውን ለፊት መጨማደድ የፈቀደችው በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቀድሞ የሚወጋው ከከብት ቆዳ የወጣ ኮላጅን ነበር። ጄሉ ከወራት እስከ ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይሟሟል።

ጄሉ ደም ሥር ከገባ ግን ሌላ ነው። ደሙን ይዘጋል፤ ቆዳ ይሞታል፣ አልፎ አልፎ ዓይን እስከ መጥፋት ይደርሳል። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ማሟሚያ አለው፤ እሱም ቶሎ ካልተሰጠ ዋጋ የለውም፣ ከሌላ ነገር የተሠራውን ፊለርም አያሟሟም። ሐኪሟ ገና መርፌ ሳትነካ ብልቃጡን ከፍሪጅ አውጥታ አሳየችኝ። እየወጋች ቆዳዬን ጫን አድርጋ ትለቀዋለች፤ ቀለሙ ቶሎ ካልተመለሰ ደም አልደረሰም ማለት ነው። እስከዚያ ቀን መርፌ አስገብቶ ማውጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አዳማ ስመለስ ሳሎኗ ገባሁና «ማሟሚያው አለሽ?» አልኳት።

«የምኑ?» አለችኝ።

ፀጉሬን ግን አሁንም የምትሠራኝ እሷው ናት።