ቧንቧውና ደራሽ ውኃው

የቡለቲኑ አዘጋጆች «የፕራክቲከም ገጠመኝ ጻፉ» ሲሉን ብዙዎቻችን ጥሩ ያስተማርንበትን ቀን ነው የምንጽፈው። እኔ ደግሞ የተሳሳትኩበትን ልጽፍላችሁ ነው።

አምና ለፕራክቲከም የወጣሁት እዚያው ያደግኩበት ቀወት ነበር። 4ኛ ክፍል፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ርዕሱ የውኃ ዑደት። በግድግዳው ላይ ያለው ቻርት ግማሹ ተቀዷል፤ ደመናው አለ፣ ባሕሩ የለም። ታዲያ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝ የካርቱን ፊልም ትዝ አለኝ፦ አስማተኛው የትምህርት ቤት አውቶቡስ።

ፊልሙ ከመጽሐፍ የመጣ ነው። ጆአና ኮል ጽፋ ብሩስ ዲገን የሳለው የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ በቴሌቪዥን ካርቱን ሆኖ የቀረበው ከ1994 እስከ 1997 ድረስ ነው፤ 52 ክፍሎች አሉት። ሚስ ፍሪዝል የምትባል መምህርት ተማሪዎቿን በአውቶቡስ ጭና ሰው የሚገባበት የማይመስል ቦታ ታስገባቸዋለች። በውኃው ክፍል ልጆቹ ራሳቸው ውኃ ሆነው ይተናሉ፣ ደመና ይሆናሉ፣ ይዘንባሉ።

«የራሳችን ፀሐይ እያለች ምን አስኬደህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ ያቺን ትንሽ ቀጭኔ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ አይቼ ነው ያደግኩት። በ2008 የጃፓን ሽልማትን ስታገኝማ የእኛ ዘመድ የተሸለመ ነው የመሰለኝ። ደግሞ የእኛዋ መንገድ ተቃራኒ ነው፤ የፈረንጆቹ ከመጽሐፍ ወደ ስክሪን ሲሄድ፣ ፀሐይ ከስክሪን ተነስታ ነው መጽሐፍ የሆነችው። ግን ያን ቀን በእጄ የነበረው ያ ፍላሽ ብቻ ነበር።

ላፕቶፑ አንድ፣ ተማሪው ከ50 በላይ። በሦስት ዙር አሳየኋቸው። እንግሊዝኛውን ድምፁን ቀንሼ እኔው በአማርኛ አወራሁት፤ ሚስ ፍሪዝልን ልጆቹ ወዲያው «እትዬ» አሏት። ሳቁ አይጣል ነው! እኔም ሞቅ አለኝና በፊልሙ የሌለውን ከመጽሐፉ ጨመርኩላቸው፦ «በመጽሐፉ ላይ እኮ ልጆቹ በዝናብ ጠብታ ውስጥ ሆነው ወንዝ ይገባሉ፣ ከዚያ በቱቦ ተጉዘው በትምህርት ቤታቸው ቧንቧ ይወጣሉ!»

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኛም ሮቢ ሲሞላ ብንገባ በቧንቧ እንወጣለን?»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

የሸዋ ሮቢትን ቆላ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል። እዚህ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ ሮቢ ይሞላል። ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነው፤ ውኃው ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ቁልቁል ይደርሳል፣ ለዚህ ነው ደራሽ የሚባለው። ታናሽ ወንድሜን በ7 ዓመቱ እንዲህ ያለ ውኃ ወስዶት ነበር። አንድ ማሳውን የሚያጠጣ ሰውዬ በሸሚዙ ይዞ አወጣው። እናቴ ከዚያ ወዲህ «የራስህን ሰማይ አይተህ አትሻገር፣ የደጋውን እይ» ትለናለች። እንግዲህ ይሄን የማውቅ ሰውዬ ነኝ ጎርፍን እንደ አውቶቡስ ያስተማርኩት።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለሱፐርቫይዘሬ ልንገር ወይስ ዝም ልበል? ነጥቤንም አሰብኩ፣ አልዋሽም። ፊልሙን እንደገና ከፈትኩትና ቀን ላይ ባትሪ ለመቆጠብ ያቋረጥኩት ቦታ ደረስኩ። ለካ በየክፍሉ መጨረሻ ልጆች ወደ ፕሮዲዩሰሩ እየደወሉ «ይሄ እንዴት ይሆናል? ሰው እንዴት ውኃ ይሆናል?» እያሉ ያፋጥጡታል፤ እሱም የቱ እውነት የቱ ፈጠራ እንደሆነ ይናገራል። መጽሐፉም መጨረሻው ላይ ቀልዱን ከሳይንሱ የሚለይ ገጽ አለው። ደራሲዋ አስባበታለች ማለት ነው። እኔ የቆረጥኩት ዋናውን ነገር ነበር።

በማግስቱ ባትሪ የሌላትን የእናቴን አሮጌ ኖኪያ ይዤ ገባሁ። «ዛሬ ፕሮዲዩሰሩ እኔ ነኝ፤ ትናንት ያልኩት ውስጥ ውሸት ያገኘ ይደውልልኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ መምህርን ዋሽተሃል ማለት ከባድ ነው። ቀጥሎ አንዱ ደወለ፦ አውቶቡስ አይበርም። ሌላው፦ እንፋሎት የሆነ ሰው ይሞታል። አንዱ ደግሞ ደጋ አክስቱ ጋ ከርሞ ኖሮ «እዚያ ሲዘንብ እዚህ እንደሚሞላ ለምን አልነገርከንም?» ብሎ ወቀሰኝ። በሰሌዳው ላይ ተራራውን ሳልኩ፣ ሮቢን ሳልኩ፣ ወደ አዋሽ ወገን ሸኘሁት። ደመናውን ደጋው ላይ ብቻ አደረግኩት፤ እኛ ጋ ፀሐይ።

ያቺ ልጅ መጨረሻ ላይ ተነስታ ስልኩን ተቀበለች።

«ሄሎ፣ ፕሮዲዩሰር?»

«አቤት፣ እየሰማሁ ነው።»

«ሮቢ ቧንቧ የለውም» አለችና ዘጋችብኝ።