ችኩሉ ልጅ
አሮጌው ኮምፒውተሬ አንድ ማታ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ አልነሳ አለኝ። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ እናቴ ወደ ጌታ ከመሄዷ በፊት ስትጸልይ የቀዳሁት ድምፅ ነበር፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ደንግጬ ደጋግሜ አጠፋሁት፣ አበራሁት።

በማግስቱ ኮምፒውተር የሚጠግን ወንድም፣ «ተው! ባበራኸው ቁጥር ይበልጥ ይጎዳል» አለኝ። ዲዲሬስኪው በተባለ ፕሮግራም መጀመሪያ ደህናውን ክፍል ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ፤ ከዚያ ወደ ተጎዳው ተመለሰ። ብዙ ፎቶዎች ጠፉ፤ የእናቴ ድምፅ ግን ተረፈ። አዲስ ኤስኤስዲ ገጥመን ሊኑክስ ጫንን፤ ኮምፒውተሩ ዛሬም ይሠራል።

ቅጂውን ስከፍት፣ «ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ለችኩል ልጄ ትዕግሥት ስጠው» ትላለች። ያን ማታ የጎደለኝ እሱ ነበር።

ወዳጆቼ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ውድ ነገር ካላችሁ ዛሬውኑ ገልብጡት። እኔ ለእህቶቼም ልኬላቸዋለሁ።