አቧራ ያበላ፣ አቧራ የበላ

የሱዳኗ ገዳሪፍ ላይ የድሮ የሎሪ ሹፌር ካገኛችሁ ስለ ሞተር ጉልበት አትጠይቁት፤ ስለ ነፋስ ጠይቁት። በበጋ ነፋሱ ከሰሜን ነው የሚመጣው። ወደ ገላባት፣ ማለትም ከእኛው መተማ ማዶ ወዳለችው የሱዳን ድንበር ከተማ የሚሄድ ሎሪ ነፋሱን በጀርባው ይዞ ስለሚጓዝ፣ ፍጥነቱን ቀነስ ያደረገ እንደሆነ የራሱ አቧራ ከኋላ ደርሶ ጋቢናውን ይሞላዋል። ከፊቱ ሌላ ሎሪ ካለ ደግሞ የሁለት መኪና አቧራ መብላቱ ነው። ስለዚህ ይቀድማል። የቀደመ ያበላል፣ የተቀደመ ይበላል። ዋንጫ የለ፣ ባንዲራ የሚያውለበልብ የለ፣ ቲኬት የሚቆርጥ የለ፤ እሽቅድምድሙ ግን እሽቅድምድም ነበር።

አሁን ያ ሁሉ አስፋልት ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ሹፌሮች ቡና ይዘው ሲቀመጡ የሚያነሱት ያን የአፈር ዘመን ነው። እኔም አጠገባቸው የመቀመጥ ልማድ ነበረኝ። ገዳሪፍ ላይ ቡና የሚያፈሉት ብዙዎቹ የእኛ አገር ሴቶች ናቸው፤ ዝንጅብል የበዛበት የሱዳን ቡናም ይሁን የጎንደሩ፣ የፈለጋችሁትን ይቀዱላችኋል። አነስተኛ በርጩማ፣ የዛፍ ጥላ፣ ከአቅራቢያው የሰሊጥ ገበያ የሚመጣ የዘይት ሽታ። ወሬው ሲጀመር ስለ ሰሊጥ ዋጋ ነው፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ ግን ቤድፎርድ መጥቶ ይገባበታል።

ከገዳሪፍ እስከ ገላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃል ላይ ዶካ አለች፤ ከዶካ ወዲያ ደግሞ ባሱንዳ። አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት መንገድ የሚባል አንድ ነገር አልነበረም፤ መንገዶች ነበሩ። አገሩ እስከ አድማስ የተዘረጋ ጥቁር ዋልካ ነው። አንዱ ጎማ የቆፈረውን ሌላው ስለሚሸሸው አዲስ ዱካ ያወጣል፣ እሱም ሲቆፈር ሦስተኛው ይወጣል፤ በጥር በየካቲት ሜዳው በጎማ ዱካ ተተልትሎ የቱ ዋና የቱ ቅርንጫፍ እንደሆነ ለመለየት ይቸግራል። አሥር ሎሪ ጎን ለጎን ቢጋልብ የሚከለክል ነገር የለም። እንዲያውም አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ኢትዮጵያ መኪና በቀኝ በኩል እንዲነዳ ያደረገችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ሱዳን ግን ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው ዘጠኝ ዓመት ቆይታ በ1965 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት መተማና ገላባትን የምትለየውን ደረቅ ሸለቆ የተሻገረ ሹፌር በሕግ ጎኑን መቀየር ነበረበት። ሽማግሌዎቹን ብጠይቃቸው ትዝ የሚለው አንድም ሰው አላገኘሁም። ግራ ቀኝ የሚባለው መንገድ ላለው ሰው ነው።

ቤድፎርድን የማያውቅ የእኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ልጆች ግን ስለማያውቁት ትንሽ ልበል። እንግሊዞች ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሩት፣ አፍንጫው ወደ ፊት የወጣ የጭነት መኪና ነው። ሱዳን የሚገባው ሻንሲውና ሞተሩ ነበር። የተቀረውን አካል እዚያው አናጢና ብረት ቀጥቃጭ ይሠሩለታል፤ ከዚያ ሠዓሊ ይረከበዋል። አበባ፣ አንበሳ፣ የዓይን ሥዕል፣ ከኋላ ደግሞ ምቀኛን የሚሸነቁጥ አንድ ስንኝ። በጎኑ የቆዳ የውሃ ስልቻ ይንጠለጠላል። ስልቻው ውሃውን እያንጠባጠበ ነፋስ ሲመታው ይቀዘቅዛልና፣ ያን ውሃ የጠጣ ሰው የፍሪጅ ውሃ አይጥመውም። ይህን ሲነግሩኝ ማጋነን መስሎኝ ነበር፤ ከቀመስኩት ወዲህ አልከራከርም። እኛ ዘንድ ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና የሚምሉ ሹፌሮች እንደነበሩት ሁሉ፣ ገዳሪፎችም በቤድፎርድ ይምላሉ።

ትልቁ እሽቅድምድም የግንቦት ነው። ዋልካ አፈር ሁለት ጠባይ አለው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ይለጥፋል፣ የጎማውን ክንፍ ከውስጥ እየጠቀጠቀ ሞልቶት በመጨረሻ ጎማው መዞሩን ያቆማል። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለጦራቸው ቀለብ ሲሉ በትራክተር ማሳረስ የጀመሩት ከከተማዋ በስተሰሜን ጋደምበሊያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ ሄዶ ገጠሩን ሁሉ ያዘው። እና ክረምቱ ሲገባ ያ ሁሉ እርሻ፣ ያ ሁሉ መንደር ተቆልፎ ይከርማል፤ ከትራክተር በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ዘሩ፣ ናፍጣው፣ ስኳሩና ጨዉ መግባት አለበት፤ የከረመው እህል መውጣት አለበት። ነጋዴው ይቸኩላል፣ ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ደመናውም ከጓንግ ወንዝ ማዶ ከእኛ ተራራ በኩል እየጠቆረ ይቸኩላል። ተወዳዳሪው ሌላው ሎሪ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ዝናቡ የቀደመው ሎሪ ባለበት ይቆማል። አንዳንዴ ቀን፣ አንዳንዴ ሳምንት። ሹፌሩ ከሎሪው ሥር ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል፣ ረዳቱ እንጨት ፍለጋ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዝናብ ገና ካፊያ ከሆነ ግን ያስኬዳል፤ አፈሩ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ሳሙና ይሆናል፣ ከሥር ደረቅ ነው። ያኔ ነው ጥበቡ። ሎሪው ኋላው ወደ ጎን እየሸሸ፣ አፍንጫው ወደ አንድ አቅጣጫ ሰውነቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሆኖ ይሄዳል። ሹፌሩ ወደ ግራ መታጠፍ ሲፈልግ መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል። ፍሬን የነካ ወደቀ። መጥረጊያ የሚባል ነገር ከተሰበረ ዓመታት አልፈውታልና ረዳቱ ሲጋራ ፈርፍሮ በትምባሆው መስታወቱን ያሸዋል፤ ውሃው ነጠብጣብ መሆኑን ትቶ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ይወርዳል።

ይህን ስሰማ የማስበው አሜሪካኖቹን ነው። አዮዋ በሚባለው የእርሻ ግዛታቸው ኖክስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የአፈር ሜዳ እሽቅድምድም ታዘጋጃለች። ዙሪያው 800 ሜትር ገደማ የሆነ ሞላላ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ የሚለጠፍ፣ ጭቃ አፈር። ስፕሪንት የሚሏቸው ትንንሽ መኪናዎች ይዞሩበታል። ዙሩ ሁሌም ወደ ግራ ነው፤ ነጂዎቹ ግን መሪያቸውን ወደ ቀኝ ጠምዝዘው፣ መኪናውን በጎኑ እያንሸራተቱ ነው የሚታጠፉት። መኪናው የሞተር ማስነሻ የለውም፤ ሌላ መኪና ከኋላ ገፍቶ ነው የሚያስነሳው። ጭቃ ዓይናቸውን ሲሸፍነው በራስ ቁራቸው ላይ ከደራረቡት ስስ ፕላስቲክ አንዱን ገፈው ይጥላሉ። አንዱን የገዳሪፍ ሹፌር ይህን ሁሉ ነግሬው እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማኝ። ያስገረመው ፍጥነቱ አልነበረም። ከውድድሩ በፊት ሜዳውን ሆን ብለው ውሃ እንደሚያጠጡት ስነግረው ነው ስኒውን ያስቀመጠው። «በገንዘባቸው?» አለኝ።

በምሥራቅ አፍሪካም ለጭቃ ብሎ የሚወዳደር አልጠፋም። የሳፋሪ ራሊ በ1953 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫኛ ተብሎ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገድ ላይ ሲጀመር፣ በኋላም ዝናቡ በሚገባበት በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን ሲካሄድ፣ መኪናዎቹን የሚያስለቅሳቸው ይኸው ጥቁር አፈር ነበር። በጃንሆይ ዘመን እኛም የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ ነበረን። ይኼ ሁሉ ግን የስፖርት ነው፤ ቁጥር ተለጥፎበት፣ ሰዓት ተይዞለት። የገዳሪፉን የመዘገበው የለም።

ስለ ትዝታ አንድ የማልወደው ነገር አለኝ። የአሜሪካኖቹ አዛውንት የአፈር ሜዳ ወዳጆች መኪናው በጓሮ ሼድ ውስጥ ከወዳደቀ ብረት ይሠራ የነበረበትን ዘመን ሲናፍቁ፣ ያ ዘመን የብረት ቀፎ ያልነበረው፣ መኪናው የተገለበጠበት ነጂ የሚሞትበት ዘመን እንደነበር ቶሎ አያነሱትም። የእኛዎቹም እንደዚያው ናቸው። ሁሌም የሚያወራው ጋቢና የተቀመጠው ነው። ከማሽላው ጆንያ በላይ፣ በገመዱ ላይ ተንጠልጥለው የሄዱትን ስጠይቅ ሌላ ታሪክ ነው የምሰማው። ከአርማጭሆ፣ ከጭልጋ፣ ከደንቢያ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ጎልማሳ ጋቢና አልተቀመጠም። ገመዱ በችኮላ ታስሮ ሲረግብ ጆንያው ይንሸራተታል፣ ሰውም ከጆንያው ጋር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው መቀነት ብቻ ታስቦ አይመስለኝም። አንድ ሰው ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ዶካ ሲደርስ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ የተጋገረውን አቧራ በጥፍሩ ሲፍቅ ማን እንደቀደመ አላወቀም ነበር። «ወርጄ በእግሬ ብሄድ ብዬ ነበር የምመኝ» ነው ያለኝ።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሎሪዎቹ ሌላ ጭነት ጫኑ። ከድርቁና ከጦርነቱ የሸሸው ሕዝብ በእግሩ ድንበር ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ሌሎቹ መጠለያዎች የተጫነው በጭነት መኪና ላይ ነው። ስለዚያ ዓመት የቀዳሚና የተቀዳሚ ወሬ ከማንም ሹፌር ሰምቼ አላውቅም። ጋቢናውን ለታማሚ ለቀው ራሳቸው መቆሚያው ላይ ተንጠልጥለው የሄዱ እንዳሉ ግን ሰምቻለሁ። በዚያው ዓመት ኅዳር ቤተ እስራኤሎችን በሌሊት ወደ ካርቱም የወሰዷቸው አውቶቡሶች ናቸው፤ ከፖርት ሱዳን በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም የሚገባው አስፋልት በ1980 እ.ኤ.አ. አልቆ ነበርና። ኡም ራኩባ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ተረስቶ ቆይቶ፣ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር የትግራይ ስደተኛ ሲመጣ እንደገና ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠና ሱዳኖቹ በገዳሪፍ አልፈው፣ በዚያው 150 ኪሎ ሜትር ወደ መተማ መጡ። በአስፋልት። አስፋልቱን የሚያማርር ሽማግሌ ሲያጋጥመኝ ይህን አነሳበታለሁ፤ ይቀበለኛል፣ ከዚያ ማማረሩን ይቀጥላል።

እውነቱን ለመናገር ማማረራቸው ከንቱ አይደለም። አስፋልት ላይ ማንም ይነዳል። ዱሮ የረባ ሹፌር ማለት ከመኪናው ወርዶ አፈሩን በእጁ ጨብጦ፣ ጨምቆ፣ ከጣቱ ላይ እንዴት እንደሚላቀቅ አይቶ «ያስኬዳል» ወይም «አያስኬድም» የሚል ሰው ነበር። ነጋዴው ባለቤት ቢሆንም ይህን ፍርድ አይሽርም። አንዱ ሽማግሌ ሲያሳየኝ ከቡናዋ ምድጃ አጠገብ እፍኝ አፈር አነሳ፤ ባለቡናዋ «አባባ፣ አመድ ነው እኮ የያዝከው» ስትለው እጁን አራግፎ ሳቀ።

ይኸው ሽማግሌ አንድ ታሪክ አለው። ትውልዱ ጭልጋ ነው፣ ያደገው ገዳሪፍ። በአንድ ግንቦት፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሦስት ሎሪዎች ከዶካ አብረው ተነሥተው እሱ እንዴት ሁለቱን አቧራ አብልቶ፣ የመጀመሪያው ጠብታ የገላባት ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ሎሪውን እንዳቆመ ይተርካል። በየጊዜው ትንሽ ይጨምርበታል። በአንድ ከሰዓት ሲተርከው የዱሮ ረዳቱ አጠገባችን ነበር፤ አሁን የራሱ ሱቅ ያለው፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። እስከ ገላባት ድረስ ዝም ብሎ ሰማውና ስኒውን መሬት አደረገ።

«አያ» አለው፣ «አንቱማ ባሱንዳ ሳንደርስ እንቅልፍ ጥሎዎት ነበር። የነዳሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ቅንጣት አላፈረም።

«ታዲያስ፣ ቀደምን አልቀደምን?»