ለመሸጥ ስለሚታደስ ቤት

ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ኹሉ አስቀድሞ ሊያሳምረው እንደሚነሣ የታወቀ ነው። እኛም በዚሁ አሳብ ተነሥተን፥ በብቸና ከተማ ከወላጅ እናታችን የወረስነውን ቤት አድሰን ነበርና፥ ያገኘነውን ኪሳራ ሳንደብቅ ለአንባቢዎቻችን ለመጻፍ ወደድን።

ቤቱ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፥ ጭድ በተቦካበት ጭቃ የተሠራ፥ ክዳኑም ቆርቆሮ የኾነ፥ በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች እንደሚታየው ያለ ነው። ወራሾቹ ሦስት ስንኾን፥ እናታችንን እስከ መጨረሻይቱ ቀን ያስታመመችው ታናሽ እኅታችን በዚያው ትኖር ነበር። ከሽያጩ በሚደርሳት ገንዘብ በሞጣ፥ ከሟች ባሏ ዘመዶች አጠገብ፥ አነስተኛ ቤት ለመግዛት ተስፋ አድርጋለች። ስለዚህ የዋጋው ከፍ ማለት ለእኛ የክብር ነገር ሳይኾን የእኅታችን ማደሪያ ነበረ።

ይኹን እንጂ የመረጥነው ሥራ ኹሉ ለዓይን የሚታየውን ብቻ ኾነ። የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ በረንዳውን ሴራሚክ አስነጠፍነው፤ የሳሎኑን ኮርኒስ ቀለም አስቀባነው፤ በጓሮም በኩል አንድ ክፍል አስቀጠልን። እኅታችን «አያ፥ በክረምት በጓዳው በኩል ውሃ ይገባል፤ አስቀድሞ እርሱ ቢታይ» ብላን ነበር። እኛ ግን አዲስ አበባ የኖርን ነንና፥ የበለጠ የምናውቅ መስሎን አልሰማናትም።

ክረምቱ ሲወጣ ልስኑ ይሰነጠቅ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስጠርተን ብንጠይቅ ምክንያቱን አስረዱን። ጭቃ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይኰማተራል፤ ሲሚንቶ ግን እንደ ድንጋይ የደረቀ ስለ ኾነ አብሮት አይሄድም። በስንጥቁ የገባው ውሃ እንደ ቀድሞው ተንኖ መውጫ ስለማያገኝ፥ በውስጥ ተቀምጦ የቋሚውን እግር ያበሰብሰዋል፤ ምስጥም ይከተላል። «ጌታዬ፥ ጋቢ አለበሱት እንጂ ጫማ አላደረጉለትም» አሉን። የድንጋይ መሠረት የለውም ማለታቸው ነው።

ሊገዙ የመጡት አንድ የሞጣ እህል ነጋዴ ነበሩ። ሴራሚኩን ረግጠውት አለፉ እንጂ አላዩትም። የግድግዳውን ግርጌ በበትራቸው አንኳኩ፤ ወደ ጣራው አሻቅበው ቆርቆሮው ባለ ስንት ጌጅ እንደ ኾነ ጠየቁን (ባለ 28 ጌጁ ከባለ 32 ጌጁ ይወፍራልና፥ ጠያቂው ዐዋቂ መኾናቸው ወዲያው ገባን)። ከዚያም የይዞታውን ካርታ ዘርግተው በጓሮ የቀጠልነውን ክፍል ፈለጉት። አልነበረም፤ ያለ ፈቃድ ሠርተነው ነበርና። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሏል፤ እንዲህ ያለውን ክፍል ገዥ እንደ ዕዳ ይቈጥረዋል። ማፍረሻውን አስበው ከዋጋው ቀነሱብን።

የቤት ዋጋ በአገራችን ሌላም ጠባይ አለው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታ ኹሉ የመንግሥት ሲኾን፥ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ አጽንቶታል፤ ባለቤቱ የሚሸጠው በላዩ የሠራውን ነው። ስለዚህ በውሉ የሚጻፈው ቤት ነው፤ ገዥው በልቡ የሚመዝነው ግን ቦታውን ነው። ከደጀን በብቸናና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ደሳሳ ቤት፥ በውስጥ ለውስጥ ካለው ያማረ ቤት ብትበልጥ አያስደንቅም። አፍርሶ ሱቅ ሊሠራ ለመጣ ሰው ቀለማችን ምን ያደርግለታል? በአሜሪካ እንኳ የእድሳት ወጪና የሽያጭ ዋጋ በየዓመቱ እየተነጻጸረ ሲታተም፥ አብዛኛው የውስጥ ማሳመሪያ ያወጣውን በሙሉ እንደማይመልስ ይታያል።

ቤቱ ተሸጠ። የሴራሚኩና የሲሚንቶው ገንዘብ ሳይመለስ ቀረ፤ የጐደለውንም ከእኛ ድርሻ ላይ ሞላንላት እንጂ ለእኅታችን የታሰበው ባልተገኘ ነበር። በሞጣ የገዛቻትን ቤት ልናይ በሄድን ጊዜ አስቀድመን የግድግዳውን ግርጌ በድንጋይ አስገነባን፤ የጣራው ውሃ የሚወርድበትንም ቦይ አስቈፈርን። ቀለምም እንቀባልሽ ብንላት «አያ፥ መጀመሪያ ክረምቱ ይለፍ» አለችን።