ከመጽሐፍ የተማርነው ድርደራ

ከእራት በኋላ ከሦስተኛው መኝታ ቤት የሚሰማው ድምፅ ምንድን ነው ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙዎች ናችሁ። ሳትጠይቁ ግድግዳውን በጫማ የደበደባችሁም አላችሁ። ለሁላችሁም መልስ ይሆን ዘንድ ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል።

እኛ ሦስት ነን፤ ጊታሩ አንድ፣ መጽሐፉም አንድ። ጊታሩን አንዳችን ከታላቅ ወንድሙ ተቀብሎ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ያመጣው ሲሆን ስድስት ክር ሊኖረው ሲገባ አምስት ብቻ ነበረው። የጎደለው ሁለተኛው ክር ስለነበር ከዓሣ ማስገሪያ ናይለን ቆርጠን ተካነው። በዚህ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ናይለን ራሱ ወደ ጊታር የገባው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት ቀጫጭኖቹ ክሮች ልክ እንደ በገናችን ከአንጀት የሚሠሩ ጅማቶች ነበሩ። እንግዲህ እኛም ከሥልጣኔ ያን ያህል አልራቅንም።

መጽሐፉ ፎቶ ኮፒ ነው። የደራሲው ስም ከሽፋኑ ጋር ተገንጥሎ ሄዷል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን በእንግሊዝኛ «ያለ አስተማሪ» የሚል ተጽፎበታል። ይህን ስናነብ ቅር አለን። ለመሆን ቀን ከሌት የምንለፋበትን ነገር አያስፈልግም ይላላ!

ጊታርን ብዙዎቻችን የምናውቀው ፒክ በሚሏት ቁራጭ ፕላስቲክ ወይም በመዳፍ ሲመታ ነው። መጽሐፉ የሚያስተምረው ግን በጣት መደርደርን ነው። አውራ ጣት ሦስቱን ወፍራም ክሮች ይይዛል፤ ሌባ ጣት ሦስተኛውን፣ መሐል ጣት ሁለተኛውን፣ የቀለበት ጣት ደግሞ የመጀመሪያውን ቀጭን ክር ይነካል። ትንሿ ጣት ሥራ የላትም፤ ቆማ ታያለች። አውራ ጣት እንደ ወፍጮ ሳያቋርጥ ይሄዳል፣ ሌሎቹ በላዩ ላይ ዜማውን ያወጣሉ። በጽሑፍ ሲታይ ቀላል ነው። ሲሠሩት ግን አንድ እጃችን ራሳችንን እየመታ ሌላው ሆዳችንን በክብ እንደሚያሽበት የልጅነት ጨዋታ ነው፤ ያልሞከረ ይሞክረው።

በየማስታወሻው ሥር ፒ፣ አይ፣ ኤም፣ ኤ የሚሉ ፊደሎች አሉ። እኛ ፒን «ተጫን» ማለት መስሎን አውራ ጣታችን እስኪያብጥ ክሩን ስንጫን ከረምን። ኋላ የሙዚቃ መምህራችን እየሳቁ እንደነገሩን ፊደሎቹ የስፓንኛ የጣት ስሞች መነሻ ናቸው፦ ፑልጋር፣ ኢንዲሴ፣ ሜዲዮ፣ አኑላር።

ከዚህ የባሰውንም እንናገር፤ ከተናዘዝን አይቀር። መጽሐፉ ዜማውን የሚጽፈው ስድስት መስመሮችን አስምሮ በላያቸው ቁጥር በማስቀመጥ ነው። መስመሩ ክሩ ነው፤ ቁጥሩ በጊታሩ አንገት ላይ ስንተኛው ብረት ዘንድ እንደሚጫን ያመለክታል። ጊታር ታቅፋችሁ ወደ ታች ብታዩ ለዓይን ቅርብ የሆነው፣ ከላይ ያለው፣ ወፍራሙ ክር ነው። ስለዚህ የላይኛው መስመር ወፍራሙ ክር ነው ብለን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠራን። በመጽሐፉ ግን የላይኛው መስመር ቀጭኑ ክር ኖሯል! ሁለት ሳምንት ዜማውን ሁሉ በአናቱ ዘቅዝቀን ስንደረድር ነበር ማለት ነው። የፈረንጅ ዘፈን እንዲህ ነው ብለን ለጆሯችን ምክንያት ሰጥተን ነበር። ነገሩ ገጽ 3 ላይ ተጽፏል፤ እኛ ገጽ 3ን ሥዕል ስለሌለበት ዘለነዋል። መጽሐፉም ዝም አለን። ሲሳሳቱ ዝም፣ ሲያዛጉ ዝም።

ጥፍር ሌላው ጣጣ ነው። መጽሐፉ የሚደረድረውን እጅ ጥፍር አሳድጉ ይላል፤ የጤና ትምህርት መምህራችን ደግሞ ለሕፃናት ምሳሌ እንድንሆን ጥፍራችንን ቁረጡ ይላሉ። ከዚህ ጭንቅ ያወጣን ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ታሬጋ ነው። ይህ ሰው (1852–1909 እ.ኤ.አ.) በጊታር ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ሲሆን በመጨረሻ ዘመኑ ጥፍሩን ቆርጦ በጣቱ ሥጋ ብቻ ይጫወት ነበር። እኛም ቆረጥን።

መልመጃዎቹ አሰልቺዎች ናቸው ብንል አንዋሽም። ከእነሱ አሥራ ሁለቱ ማውሮ ጁሊያኒ ከተባለ ጣሊያናዊ የተወሰዱ ናቸው። ጁሊያኒ እ.ኤ.አ. በ1812 በቪየና 120 የቀኝ እጅ መልመጃዎችን አሳትሟል። የሚገርመው፣ በ120ዎቹ ሁሉ ግራ እጅ የሚይዘው ሁለት ኮርድ ብቻ ነው፤ ዶ ሜጀርና ሶል ሰባተኛ። በሁለት ኮርድ 120 ትምህርት! እኛ ለአንድ ፊደል ሁለተኛ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት አቅቶን ጠመኔ ስናላምጥ የምናመሽ ሰዎች በዚህ ብናፍር አይፈረድብንም።

ቀኝ እጅ ካልን ዘንድ ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ።

ከሦስታችን አንዱ ግራኝ ነው። መጽሐፉ ለግራኞች የሰጠው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ክሮቹን ገልብጣችሁ እሠሩ ይላል። ሞከርነው። ክሮቹ የሚያልፉበት ጎድጓዳ ለየውፍረታቸው የተቆረጠ ስለሆነ ቀጭኑ ክር በወፍራሙ ጎድጓዳ ውስጥ እየተንከራተተ ይንጫጫል፣ ወፍራሙም በቀጭኑ አልገባ አለ። ደግሞስ ጊታሩ የሦስታችን ነው፤ በየማታው ክር ማን ይፈታል? ጓደኛችንም፣ «ተዉት፣ በቀኜ እለምደዋለሁ፤ ጽሕፈቱንም እንደዚሁ ነው የለመድኩት» አለ። እኛም እሺ ብለን ተውነው። እንዲያውም ደስ አለን፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። በቀኙ ሲደረድር ግን ጣቶቹ እንደ እንጨት ይሆናሉ። በጥቁር ሰሌዳም ላይ ጽሕፈቱ እንደዚያው ነው፤ መስመሩ ቁልቁል ይሄዳል፣ በዚህም ነጥብ ተቀንሶበታል።

የማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ አንዳችን አንደኛ ክፍል ሲያስተምር ሁለታችን ከኋላ ተቀምጠን እንከታተል ነበር። በሦስተኛው ዴስክ ላይ አንዲት ልጅ እርሳሷን በግራ እጇ ይዛ «ሀ ሁ ሂ» ትጽፋለች። አስተማሪው እኛ ጎንበስ ብሎ፣ ፈገግ ብሎም፣ እርሳሱን ከግራዋ አውጥቶ በቀኟ አስያዛት። «በቀኝሽ ያዢው የኔ እናት፣ ጎበዝ!» አለና አልፎ ሄደ። አልመታትም፣ አልተቆጣትም። ይህን የምንጽፈው እያንዳንዳችን በቦታው ብንሆን ይህንኑ እናደርግ ስለነበር ነው። ከአንዱ በቀር።

የዚያን ማታ ግራኙ ጓደኛችን ጊታሩን አልነካም። በማግሥቱም። በሦስተኛው ቀን፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ወደ ጣራው እያየ ነገረን። አንደኛ ክፍል ሳለ አስተማሪው ግራ እጁን በመቀነት ከዴስኩ ጋር ያስሩበት ነበር። እናቱም ነውር ነው ብለው ሲበላ በግራው እንዳይጎርስ እጁን በርበሬ ይቀቡታል። «አንተ እጇን ስትይዝ» አለ፣ «የኔ እጅ ነው የደነገጠው።»

ምን ይባላል? ምንም አላልንም። ቆይቶ የጊታሩ ባለቤት በጨለማ ተነሥቶ ጊታሩን አልጋው ላይ አስቀመጠለትና፣ «እንካ፣ ክሩን ሳትፈታ ገልብጠህ ያዘው» አለው።

ይህ እብደት አልነበረም። ኤልዛቤት ኮተን የተባለች የሰሜን ካሮላይና ጥቁር አሜሪካዊት ግራኝ ነበረች። የቀኞችን ጊታር ክሩን ሳትቀይር ገልብጣ ይዛ፣ ወፍራሞቹን ክሮች በጣቶቿ፣ ዜማውን ደግሞ በአውራ ጣቷ ትደረድር ነበር፤ ያለ አስተማሪ ራሷን ያስተማረችው በልጅነቷ ነው። ብዙ ዘመኗን በሰው ቤት ሠራተኛነት ኖራ የመጀመሪያው አልበሟ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958፣ ስድሳን ካለፈች በኋላ ነው። የግራሚ ሽልማት ያገኘችው ዘጠና ካለፋት ወዲህ ነበር። መጽሐፋችን በግርጌ ስሟን ብቻ ጠቅሶ አልፏል፤ የቀረውን የሙዚቃ መምህራችን አጫወቱን። አክለውም፣ «በገናስ በየትኛው እጅ ነው የሚደረደረው?» ብለው ጠየቁን። በግራ ነው። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እያየን፣ እየሰማን፣ አንድ ቀን ልብ አላልነውም።

ጓደኛችን ገልብጦ ሲይዘው ግራ እጁ ወዲያው ነቃ። ቀኝ እጁ ግን ኮርድ መያዝ ገና አልለመደም። ስለዚህ ክፍት ክሮችን ብቻ እየነካካ ሳለ ነው በመጽሐፉ የሌለውን ነገር ያገኘው። የጊታር ክፍት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። የትዝታ ቅኝት ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አስተያዩት! ከስድስቱ ክሮች ከትዝታ ውጭ የሆነው ሲ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለተኛው ክር፣ ያ የዓሣ ናይለናችን። መቃኛውን ትንሽ፣ ግማሽ ድምፅ ያህል፣ ሲያጠብቀው ሲ ዶ ሆነ፤ ጊታሩ እንዳለ ትዝታ ሆነ ማለት ነው። ማንም ሰው ምንም ሳይጫን ቢነካው ትዝታ ይወጣዋል። በጫማ የሚደበድቡን ጎረቤቶቻችን የዚያን ማታ አልደበደቡም። ይህን በማስረጃነት መዝግበነዋል።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። በሚቀጥለው ሳምንት ያ አስተማሪያችን ሄዶ እርሳሱን መልሶ በግራ እጇ አስያዛት፤ «በፈለግሽው ጻፊ» አላት። ልጅቷ ግራ ገባት፤ ይህ ቃል እዚህ ቦታ መምጣቱ የኛ ጥፋት አይደለም። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እርሳሱን ራሷ ወደ ቀኟ አዛወረችና «ጎበዝ» እስኪላት ጠበቀች። አንድ ጊዜ፣ በፈገግታ፣ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የተነገረ ነገር ነበር። ልምምዳችን እስኪያልቅ በክፍል ውስጥ በቀኟ ስትጽፍ አየናት፤ በዕረፍት ሰዓት ግን ከዛፉ ሥር ቅልብልቦሽ ስትጫወት ጠጠሯን ወደ ላይ የምትወረውረውም የምትቀልበውም በግራዋ ነበር፤ የሚያሸንፋትም አልነበረም። ይህንን ለክፍሉ ቋሚ መምህርት ነግረናቸዋል። አይቻለሁ፣ አያታለሁ ብለውናል።

አሁን መጽሐፉ ገጽ 41 ላይ ደርሷል፤ ሁለታችን በቀኝ፣ አንዳችን በግራ። ግራኙ ከኛ ሦስት ገጽ ቀድሟል። ከእራት በኋላ መማር የሚፈልግ ካለ ይምጣ፤ ገጽ 3ን ግን አስቀድሞ ያነብባል። ያ የናይለን ክር ሐሙስ ማታ በትዝታ ላይ ሳለ ተበጥሷልና፣ ለዕረፍት ወደ ሐይቅ አካባቢ የምትሄዱ አንድ ሁለት ክንድ ያህል ይዛችሁልን ብትመጡ። ቀጭኑን ነው የምንለው፤ ለትልቁ ዓሣ የሚሆነውን አይደለም።